ማንም ያልሳለው ክብ፦ የመቁረጫ መንገድ ስሕተትን በአነስተኛ ሲኤንሲ ማሽን ላይ ስለ መፈለግ

ማሽን የተሳሳተ ሥራ ሲሠራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ማን አበላሸው?» የሚለው ነው። «ስሕተቱ የት ተወለደ?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ስለሚደርስ ሰሚ አያገኝም። አነስተኛው ሲኤንሲ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ይህን የጥያቄ ቅደም ተከተል ለመመርመር የተመቸ ዕቃ ነው። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ክፍሎቹ ተፈትተው የሚገጠሙ ናቸው፤ ስሕተቱም እንጨቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚቀር ሊካድ አይችልም። የሚያከራክረው የስሕተቱ መኖር ሳይሆን ምንጩ ነው።

የማሽኑ ሥራ የቅብብል ሥራ ነው። በመጀመሪያ ቅርጹ በካድ ሶፍትዌር ይሣላል። ቀጥሎ የካም ሶፍትዌር ፑንታው በየት በኩል፣ በምን ጥልቀትና በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ አስልቶ የመቁረጫውን መንገድ ያወጣል። ፖስት-ፕሮሰሰር የሚባለው ተርጓሚ ያንን መንገድ መቆጣጠሪያው በሚያውቀው የጂ-ኮድ ዘዬ ይጽፈዋል። መቆጣጠሪያው ጽሑፉን መስመር በመስመር እያነበበ ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለውጠዋል። ሞተሩ ምቱን ወደ ዙር፣ ቺንጋው ዙሩን ወደ ጉዞ፣ ፑንታው ጉዞውን ወደ ቁርጥ ይቀይራሉ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እያንዳንዱ ተቀባይ ከፊቱ ያለው የሰጠውን አምኖ ይቀበላል። የመጀመሪያውን ሥዕል አይቶ የመጨረሻውን ቁርጥ የሚያመዛዝን አንድም ክፍል የለም፤ ያንን ማድረግ የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ይህ የቅብብል ሥርዓት ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቁጥር የሚታዘዝ የብረት መፈልፈያ ማሽን ለእይታ ሲያቀርብ፣ ትእዛዙ የሰፈረው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነበር። ዛሬ ጂ-ኮድ የምንለው የትእዛዝ ቋንቋ በዚያ ልማድ ላይ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1980 አርኤስ-274-ዲ በተባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ ተደነገገ። አንድ ፊደል፣ አንድ አጭር ቁጥር፣ ለአንድ እንቅስቃሴ አንድ መስመር፤ ቋንቋው ይህን ቁጥብነቱን እስከ ዛሬ አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2009 በሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተጀመረው ገርብል የተባለ ነጻ ፈርምዌር ደግሞ ይህንኑ ቋንቋ 2 ኪሎባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ ብቻ ባለው አርዱይኖ ኡኖ ላይ እንዲሠራ አደረገው። በዓለም ላይ ያሉ በርካታ አነስተኛ ማሽኖች የሚንቀሳቀሱት በዚህ ፈርምዌር ወይም ከእሱ በተወለዱ ፕሮግራሞች ነው። ቁጥብነቱ ሥራውን አርክሶታል፤ ከዚህ በታች የሚታየው ስሕተት የተደበቀውም በዚያው ቁጥብነት ውስጥ ነው።

ሁለት እውነተኛ ቃሎች

በአንድ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ለሠርግ ስጦታ የታዘዘ የሳጥን ክዳን ይቀረጽ ነበር። ጣውላው ዋንዛ ነው፤ ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 200 ሚሊሜትር። በዙሪያው ሐረግ፣ በመካከሉ የሙሽሮቹ ስም ይቀረጽበታል። ማሽኑ የሐረጉን አብዛኛውን ክፍል በንጽሕና ከሠራ በኋላ በድንገት ከመንገዱ ወጣና፣ ማንም ያልሳለውን አንድ ትልቅ ክብ በስሞቹ ላይ አዙሮ ቆረጠ። ክቡን ዘግቶ ወደ ተነሣበት ነጥብ ከተመለሰ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀሪውን ሐረግ በትክክል ጨረሰ።

የሥራ ቤቱ ባለቤት «አንተ፣ ምኑን ነካኸው?» ብለው ጠየቁ። ማሽኑን የሚያሠራው ወጣት «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም፤ በራሱ ነው የዞረው» ሲል መለሰ። «ማሽን በራሱ አይዞርም፤ የነገሩትን ነው የሚያደርገው» አሉ ባለቤቱ። የጣውላው ዋጋ ከወጣቱ ደመወዝ እንዲቆረጥም ወሰኑ።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ወጣቱ ምንም አልነካም፤ ማሽኑም የተነገረውን ብቻ አድርጓል። በሁለቱ እውነቶች መካከል ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን «ታዲያ እንዲዞር የነገረው ማን ነው?» የሚለው ነበር። ወጣቱ «ጋሼ፣ አንድ ወረቀትና አንድ ሰዓት ይስጡኝ» ብሎ የጠየቀው ይህን ለማወቅ ነው።

እንጨቱ የሚሰጠው ምስክርነት

ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት የተበላሸው ሥራ ራሱ መነበብ አለበት። የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው፦ ቅርጹ ተገፍቷል ወይስ ቅርጹ ላይ ያልነበረ ነገር ተጨምሯል?

መገፋት ብዙውን ጊዜ የሜካኒክ ምልክት ነው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር የሚሞላው በ200 ሙሉ እርምጃ ነው። የቺንጋው ጥርስ በየ2 ሚሊሜትር የተተከለ፣ ፑሌጃው 20 ጥርስ ያለው ከሆነ አንድ ዙር 40 ሚሊሜትር ያስጉዛል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ እርምጃ 0.2 ሚሊሜትር ነው። እያንዳንዱ እርምጃ በ16 ሲከፋፈል በአንድ ሚሊሜትር 80 ምት፣ በአንድ ምት 0.0125 ሚሊሜትር ይደርሳል። መቆጣጠሪያው የላከውን ምት ይቆጥራል እንጂ ጉዞው መፈጸሙን የሚያይበት ዓይን የለውም። ፑንታው በእንጨቱ ተይዞ ሞተሩ ቢያመልጠው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ቅርጹን እንደ ጠበቀ ወደ ጎን ተገፍቶ ይቀጥላል።

የተገፋው ርቀት በካሊፐር ሲለካ ደግሞ ራሱ ይናገራል። ሞተር ከምቱ ጋር ያለውን ስምምነት ሲያጣ የሚያመልጠው በአራት ሙሉ እርምጃ ብዜት ነው፤ በዚህ ማሽን ላይ ያ 0.8፣ 1.6፣ 2.4 ሚሊሜትር እያለ ይሄዳል። ቺንጋ በፑሌጃ ላይ ጥርስ ሲዘል ግን ግፊቱ 2፣ 4፣ 6 ሚሊሜትር ይሆናል። 4 ሚሊሜትር የሁለቱም ብዜት ስለሆነ በእሱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ግፊቱ ከየትኛውም ብዜት ጋር ካልተስማማ ደግሞ ፑሌጃውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የምታስረው ትንሿ ብሎን ላልታ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሷን መፈተሽ ይገባል። ሥራው በ25.4 እጥፍ ካደገ ወይም ካነሰ የኢንችና የሚሊሜትር ትእዛዝ ተቀያይሯል። ክቡ ሞላላ ከወጣ የአንዱ አቅጣጫ የምት ልኬት ከሌላው ጋር አልተስተካከለም ማለት ነው።

የዋንዛው ክዳን ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አላሳየም። ከክቡ በኋላ የተቀረጸው ሐረግ ከክቡ በፊት ከተቀረጸው ጋር ያለ ምንም ልዩነት ተገጣጥሟል። ማሽኑ የት እንዳለ ለአንድ አፍታ እንኳን አልጠፋውም። ይህ አንድ ምልከታ ቺንጋን፣ ፑሌጃን፣ ሞተርንና የፑንታን መያዝ በአንድ ጊዜ ከተጠርጣሪነት አወጣ። በብዙ ቦታ ግን ሥራው የሚጀመረው ቺንጋ በማጥበቅ ነው፤ ምክንያቱም ቺንጋ ይታያል፣ ይነካል፣ ለእጅም ይቀርባል።

ሁለተኛው ፈተና ድግግሞሽ ነው። ወጣቱ ፑንታውን ፈትቶ በቦታው እስክሪብቶ አሰረ፤ በጣውላው ፋንታ ወረቀት ዘርግቶ ያንኑ ፋይል አስኬደ። ክቡ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስፋት ተሣለ። በድጋሚ አስኬደው፤ በድጋሚ ተሣለ። በኤሌክትሪክ መረበሽ ወይም በላላ ሽቦ የሚመጣ ስሕተት እንዲህ ያለ ታማኝነት የለውም። እንጨት በሌለበት የእንጨቱ ጥንካሬ፣ ፑንታ በሌለበት የፑንታው ስለት ሊከሰሱ አይችሉም። ስለዚህ የቀረው ጽሑፉና አነባበቡ ነው። ማሽኑ በዝግታ እንዲሄድ ተደርጎ ክቡ ሲጀመር ቆመ፤ በዚያ ጊዜ እየተፈጸመ የነበረው መስመር ተነበበ፦

«ጂ3 ኤክስ95.000 ዋይ40.000 አይ0.000 ጄ60.000»

የተሰወረው ቅስት

ጂ3 በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ ቅስት እንዲቆረጥ ያዛል። ኤክስና ዋይ ቅስቱ የሚያልቅበትን ነጥብ ይናገራሉ። አይና ጄ ደግሞ ከመነሻው ነጥብ እስከ ክቡ መሐል ያለውን ርቀት ይሰጣሉ። የመነሻው ነጥብ በመስመሩ ላይ አይጻፍም፤ ያለፈው መስመር ማሽኑን ያደረሰበት ቦታ ነው። ያለፈው መስመር ያደረሰው ደግሞ ኤክስ 95.000፣ ዋይ 40.000 ላይ ነበር። ቅስቱ ከተነሣበት ነጥብ ላይ ያልቃል ማለት ነው። በጂ-ኮድ ሕግ መነሻውና መድረሻው አንድ የሆነ፣ መሐሉም የተሰጠ ቅስት አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ እሱም ሙሉ ክብ ነው። ራዲየሱ 60 ሚሊሜትር ስለሆነ ማሽኑ 377 ሚሊሜትር ያህል ዙሪያ ያለው ክብ ቆረጠ። ትእዛዙን በትክክል ፈጽሟል።

በካም ሶፍትዌሩ ስሌት ውስጥ ግን ቅስቱ ክብ አልነበረም። መነሻው 95.0000፣ መድረሻው 95.0003 ነበር። የፊደልና የሐረግ ሥዕሎች ወደ ቅስትና መስመር ሲከፋፈሉ፣ ወይም መንገዱ በፑንታው ራዲየስ ልክ ወደ ጎን ሲሸሽ፣ በሁለት ቁርጥራጮች መጋጠሚያ ላይ እንዲህ ያሉ እጅግ ትንንሽ ስንጥሮች ይቀራሉ። በስክሪን ላይ አይታዩም። ፖስት-ፕሮሰሰሩ ቁጥሩን ከነጥብ በኋላ በሦስት አኃዝ እንዲያጠጋጋ ስለ ታዘዘ 95.0003ን 95.000 ብሎ ጻፈው። 0.0003 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ጉዞ በዚህች ማጠጋጋት ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ አደገ።

ገርብል የተሳሳተ ቅስትን የሚመረምርበት ዘዴ ነበረው። ከመሐሉ እስከ መነሻው ያለውን ርቀት ከመሐሉ እስከ መድረሻው ካለው ጋር ያስተያያል። ልዩነቱ ከ0.5 ሚሊሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከ0.005 ሚሊሜትር በልጦ ከራዲየሱ 0.1 በመቶም ካለፈ፣ ስሕተት 33 ብሎ ትእዛዙን አይቀበልም። ብዙ ተጠቃሚዎች ይህን ስሕተት እንደ ጠላት ያዩታል፤ ሥራ ያቆምባቸዋልና። ነገር ግን እንጨቱ ሳይቆረጥ የሚናገር ስሕተት ወዳጅ ነው። እዚህ ግን መነሻውና መድረሻው አንድ ነጥብ ስለሆኑ ሁለቱ ርቀቶች ፍጹም እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ ዜሮ ነው። በመጠኑ የተዛባ ቅስት በፈተናው ሲወድቅ፣ ጨርሶ የጠፋው ቅስት ግን ያለ አንዳች ነቀፋ አለፈ። ለምርመራ ሥራ ሁሉ የሚጠቅመው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ፈተና የሚይዘው የተሠራለትን ስሕተት ነው እንጂ ስሕተትን ሁሉ አይደለም።

መድኃኒት የሚመስሉ ነገሮች

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ሥዕሉን በጥቂቱ ገፋ አድርጎ እንደገና ማስላት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜም ይሠራል። የሚሠራበት ምክንያት ግን ሊመረመር ይገባል። ሥዕሉ በ0.0004 ሚሊሜትር ቢገፋ መነሻው 95.0004፣ መድረሻው 95.0007 ይሆናል፤ ሲጠጋጉ 95.000ና 95.001 ይወጣሉ፣ ክቡም ይጠፋል። በዚያው ሥዕል ውስጥ ያለ ሌላ ስንጥር ግን በዚሁ ግፊት የተነሣ ደህና ከነበረበት ሊሰወር ይችላል። ሰውየው በዚያው ጊዜ ቺንጋ አጥብቆ ወይም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አብርቶ ከነበረ፣ የዳነው በዚያ ይመስለዋል፤ ለሌሎችም እንዲሁ ያስተምራል። የተሳሳተ እውቀት የሚስፋፋው ሁልጊዜ በውሸት አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ በመለወጥም ነው።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ ከነጥብ በኋላ ያለውን አኃዝ ከሦስት ወደ አራት ማሳደግ ነው። ይህ ድንበሩን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ 0.00003 ሚሊሜትር የሆነ ስንጥር በአራት አኃዝም ይሰወራል። ከዚህም በላይ የማሽኑ አንድ ምት 0.0125 ሚሊሜትር ነው። 0.0003 ሚሊሜትር የዚያ አንድ አርባኛ እንኳን አይሞላም። ሞተሩ ሊፈጽመው የማይችለውን ጉዞ በተሻለ ጥንቃቄ መጻፍ ትክክለኛነት አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ቅስትን ጨርሶ መከልከልና ሁሉንም በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች መጻፍ ነው። ይህ በእርግጥ ክቡን ያስቀራል፤ መስመር ተመልሶ አይዞርምና። ዋጋው ግን የፋይሉ መርዘም ነው። ትንሿ መቆጣጠሪያ ወደ ፊት አይታ የምታቅደው ጥቂት እንቅስቃሴዎችን ብቻ ስለሆነ፣ መስመሮቹ በጣም ሲያጥሩና ፍጥነቱ ሲጨምር ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፤ በቁርጡም ላይ ምልክቱ ይቀራል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስሕተቱ መታረም ያለበት በተወለደበት መጋጠሚያ ላይ ነው። የተወለደው ትርጉሙ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር በፖስት-ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፖስት-ፕሮሰሰሩ ቅስት ከመጻፉ በፊት መነሻውንና መድረሻውን ከተጠጋጉ በኋላ ያስተያይ፤ እኩል ከሆኑ ወይም ርቀታቸው ከተወሰነ ዝቅተኛ ልክ ካነሰ በቅስት ፋንታ ቀጥታ መስመር ይጻፍ። ማነጻጸሪያው ከማጠጋጋቱ በፊት ያለው ቁጥር ከሆነ ምንም አይጠቅምም፤ ማሽኑ የሚያነበው የተጠጋጋውን ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ልማድ ቢጨመር የተሻለ ይሆናል፦ በእውነት የተፈለገ ሙሉ ክብ ሁልጊዜ በሁለት ግማሽ ቅስት ይጻፍ። እንዲህ ከተደረገ በፋይሉ ውስጥ መነሻውና መድረሻው አንድ የሆነ ቅስት በሕጋዊ መንገድ ሊገኝ አይችልም። ከሃያ መስመር የማይበልጥ አጭር ፕሮግራም ፋይሉን ከማሽኑ በፊት አንብቦ እንዲህ ያለ መስመር ሲያገኝ ሊያስቆም ይችላል። አሻሚ የነበረው አጻጻፍ አሻሚነቱ ሲወገድለት ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል።

መዳኑን ማረጋገጥ

ማስተካከያው መሥራቱ የሚታወቀው ክቡ በመጥፋቱ ብቻ አይደለም። ከላይ እንደ ታየው ክቡ በአጋጣሚም ይጠፋል። ትክክለኛው ማረጋገጫ የተበላሸውን ፋይል ሳይሰርዙ ማስቀመጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ከዚያው ሥዕል አዲስ ፋይል ማውጣት፣ ሁለቱንም በወረቀት ላይ ማስኬድ ነው። አሮጌው አሁንም ክቡን ከሣለ፣ አዲሱ ካልሣለ፣ በሁለቱ መካከል የተለየውም ያ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ ተገኝቷል ለማለት ይቻላል። አሮጌውን ፋይል ማጥፋት ማስረጃን ማጥፋት ነው። በብዙ ሥራ ቤቶች ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ የውርደት ምልክት ይመስላልና።

በዋንዛው ጉዳይ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ተዘረጉ። ባለቤቱ ጂ-ኮድ አያነቡም፤ ወረቀት ግን ያነባሉ። የጣውላው ዋጋ ከደመወዝ ሳይቆረጥ ቀረ፤ ጣውላው ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሥራ ቤት ውድ እንጨት ከመታሰሩ በፊት አዲስ ፋይል ሁሉ በእስክሪብቶ ይሣላል። አናጢ አሥሬ ለክቶ አንዴ የሚቆርጠው ለዚሁ ነበር፤ መጋዝ በሰው እጅ በነበረ ጊዜ የታወቀው ጥንቃቄ መጋዙ በቁጥር በሚታዘዝበት ጊዜም አላረጀም።

ከዚህ ጉዳይ ሊወሰድ የሚገባው ቁም ነገር ከአንድ ማሽን ያልፋል። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ማንም አልዋሸም፤ ሠዓሊው ያልሳለውን አልሳለም፣ ካሙ በትክክል አስልቷል፣ ፖስት-ፕሮሰሰሩ እንደ ታዘዘው አጠጋግቷል፣ መቆጣጠሪያው እንደ ሕጉ አንብቧል፣ ወጣቱ ምንም አልነካም። ስሕተቱ የተወለደው በሁለት ትክክለኛ ሥራዎች መጋጠሚያ ላይ፣ ማንም በኃላፊነት በማይጠብቀው ቦታ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ሰንሰለት ውስጥ ጥፋት ወደ ታች ይወርዳል፤ ማብቂያው ላይ የቆመው፣ ቁልፉን የተጫነው ሰው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ምርምር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ጥያቄውን አንድ እርከን ከፍ አድርጎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ ሳይጠይቁ መፍረድ በእውቀት ማነስ የሚመካኝ አይሆንም።